የእንግዳ ወንበር

የባለቤቴ ቪዛ የወጣ ዕለት ሰፈርተኛው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አለቀልሽ» አለኝ። እኔም የምር ያለቀልኝ መስሎኝ ሁለት ካርቶን ብስኩት ገዝቼ ለጎረቤት አከፋፈልኩ። ቪዛ ማለት የግቢውን በር ማስከፈት ብቻ እንደሆነ፣ ከግቢው በኋላ ገና ሳሎኑ፣ ከሳሎኑም በኋላ ጓዳው እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ብስኩቱን ትንሽ ባቆየው ይሻል ነበር።

ባለቤቴ የባንግላዲሽ ሰው ነው። የተዋወቅነው አረብ አገር፣ ሰባት ዓመት በሠራሁበት ስፌት ቤት ውስጥ ነው። እሱ ኮት ይቆርጣል፣ እኔ ዚፕና ቁልፍ እተክላለሁ። ዓመት ሙሉ በምልክትና በተሰባበረ ዐረብኛ ስንነዛነዝ ከርመን እዚያው ኒካሕ አሰርን። ኮንትራቴ ሲያልቅ ግን ቁርጡን ነገርኩት። «እኔ አገሬ እገባለሁ፤ ከገባሁ ደግሞ ሁለተኛ አልወጣም። ከፈለግኸኝ ና፤ ካልፈለግኸኝ ደህና ሁን» አልኩት። አነጋገሬ እንዲህ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች በዚሁ ጠባዬ ስትቆጣኝ ነው የኖረችው።

የተወለድኩት ሞጣ ቢሆንም ገበያው የቀናኝ ቢቸና ነው። እዚያ አንዲት ክፍል ሱቅ ተከራይቼ ሁለት የስፌት መኪና አስገባሁ፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የሱ። የሱ መኪና ሸራ ለብሶ ከዓመት በላይ ጠበቀው። ደንበኞቼ «ይህን ለምን አትሸጪውም?» ሲሉኝ «ባለቤት አለው» እያልኩ እመልስ ነበር።

ከቦሌ ተቀብዬው፣ ደጀን አድረን፣ ቢቸና ስንገባ የግንቦት መጨረሻ ነበር። ባንግላዲሽ የት እንደሆነ ልጠይቅ ያለ ሰው አልነበረም። ድሮ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማረ አንድ የህንድ መምህር ነበር አሉ። የኔን ባል መልኩን ሲያዩ ያንን አስታወሱና «መምህር» አሉት። አራተኛ ክፍልን በቅጡ ያልጨረሰው ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን መምህር ሆነ። ሽማግሌዎች ከመንገድ ገለል ብለው ያሳልፉታል፤ ተማሪዎች ቆመው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ይሉታል። እሱም ደረቱን ነፋ አድርጎ ይመልስላቸዋል።

ሥራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የገባበት ቪዛ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ነበር። በሦስት ወር ውስጥ በትዳር የመኖሪያ ፈቃድ ካላመለከተ መመለሱ ነው። ቢመለስ ደግሞ እኔ እንደማልከተለው ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የትዳሬ ጉዳይ ነበር። ያለ ፈቃድ ሲሠራ ተገኘ ተብሎ እንዳይበላሽብኝም መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ልብስ እንዳይነካ ከልክዬዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጦ ስሰፋ ያየኛል። አንዳንዴ አቆራረጤ አላማረው ይሆናል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

የኒካሓችንን ወረቀት ከዐረብኛ ወደ አማርኛ አስተረጎምን፤ ትርጉሙንም ማህተም አስመታን። ጉርድ ፎቶ ተነሳ፤ ጆሮው በደንብ አልታየም ተብሎ እንደገና ተነሳ። እኔ «ባለቤቴ ነው፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። መታወቂያዬ የሞጣ ስለነበር ደግሞ ከሞጣ መሸኛ፣ ማለትም «ከኛ ዘንድ ለቅቃለች» የሚል ደብዳቤ አምጥቼ የቢቸና መታወቂያ ማውጣት ነበረብኝ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባልና ሚስት ሆነን በአንድ ጣሪያ ሥር እንደምንኖር የሚገልጽ የቀበሌያችን ደብዳቤ።

ለመሸኛው ሞጣ የሄድነው አብረን ነው። አባቴ አማቹን ገና አላየውም ነበር። በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ ተጨናንቀን ደረስን። አባቴ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። በግ አረደ፣ አዲስ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ባሌን ከሁሉ በላይ አስቀምጦ በገዛ እጁ አስታጠበው። እኔም ደስ አለኝ። ሲሸኘን ግን ለብቻዬ ጎተት አደረገኝ።

«ልጄ፣ ሰውየው ጨዋ ነው። ጨዋነቱን አየሁት» አለ። «እኔ ግን ወንድ ልጅ የለኝም። የምፈልገው ቃሬዛዬን የሚሸከም አማች ነው። ምንጣፍ ላይ እንዳየሁት ብቻ እንዳይቀር።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ያ ሁሉ ግብዣ ካለፈ በኋላ ይህን መናገሩ ቅር አሰኝቶኝ ነው ወደ ቢቸና የተመለስኩት።

የሰፈራችን እድር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው። ሰው ሲሞት ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ይሸከማሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ውኃና እንጨት ያቀርባሉ። በመጨረሻ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ቀሪ ተብሎ ይጻፋል። እኔ ቢቸና ከገባሁ ጀምሮ አባል ነኝ፤ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ባሌን መጀመሪያ ለቅሶ ይዤው ስሄድ ሸሚዙን ተኩሼ፣ ነጭ ቆብ አድርጌለት ነበር። ገና ብቅ ከማለቱ አንዱ ሮጦ ወንበር አመጣ። የእድሩ መቀመጫ ሁሉ አግዳሚ ነው፤ ያ አንድ ወንበር ግን የእጅ መደገፊያ ያለው፣ ለትልቅ ሰው ብቻ የሚወጣ ነው።

«መምህር፣ አረፍ ይበሉ» አሉት። አረፈ። በሚቀጥለው ለቅሶም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ።

እኔ ውኃ ተሸክሜ ሳልፍ በዚያ ወንበር ላይ ሳየው ልቤ ያብጥ ነበር። ከኔ ጋር ባልዲ ከያዙት ሴቶች መካከል ባሏ እዚያ የተቀመጠላት ማን አለች እያልኩ። አንድ ቀን አካፋ ሊያነሳ ብድግ ሲል እኔው ራሴ «ተው፣ ቁጭ በል፤ አክብረውህ ነው» ብዬዋለሁ። ይህን ጥፋቴን አልደብቅም።

የቀበሌዋ ሠራተኛ ሥራዋን አጥብቃ የምትይዝ ወጣት ናት። ደብዳቤውን ከመጻፏ በፊት ሰፈር ወርዳ ጎረቤት ትጠይቃለች። በወረደችበት ቀን እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ የገባችው ከጎናችን ካሉት አዛውንት እናት ቤት ነው። እኚህ ሴት ለባሌ በየጠዋቱ ወተት የሚልኩለት ናቸው። ከቀበሌ ሰው መጥቶ ስለ አንድ ሰው ሲጠይቅ ግን ደግ ነገር አይታያቸውም፤ ወይ መዋጮ ነው፣ ወይ የሮንድ ተራ ነው፣ ወይ ክስ ነው። «ይኼ የውጭ አገር ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?» ስትላቸው ሊከላከሉለት ተነሱ።

«እንግዳችን ነው። ምን አድርጎ? የሰው እንግዳ ነው፣ ከምንም የለበትም፤ ተዉት» አሉ።

ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን የድሮ ጨው ነጋዴ ናቸው፤ ታመው ተኝተው ነበር። እሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው «እንግዳ ነው» አሉ። ሦስተኛው ቤትም ያንኑ ደገመ። አንዳቸውም በክፋት አላሉትም። ቢችሉ ጋቢያቸውን ገልጠው ከሥሩ ይደብቁት ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ስሄድ የተሰጠኝ ደብዳቤ «ግለሰቡ በተጠቀሰው ቤት በእንግድነት የሚገኝ መሆኑን ከጎረቤቶቹ አረጋግጠናል» ይላል። ወረቀቱን መልሼ ለሠራተኛዋ ዘረጋሁላት።

«እህቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የተባልኩትን ነው የጻፍኩት።»

«ባሌ ነው እኮ።»

«ባልሽ መሆኑን የኒካሕ ወረቀቱ ይናገራል። እኔ የምጽፈው እዚህ መኖሩን ነው። ሦስት ቤት ጠየቅሁ፤ ሦስቱም እንግዳ አሉኝ። አንድ ሰው እንኳ የኛ ነው አላለም።»

ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። የእድራችን ዳኛና ሁለት ጎረቤቶች ነዋሪ ነው ብለው ከፈረሙ ደብዳቤውን እንደምትለውጠው ነገረችኝ። ቪዛው ሊያልቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

የእድራችን ዳኛ በመንገድ ሥራ ፎርማን ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የገዛ ወንድማቸውን ቀሪ ብለው የጻፉ ናቸው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ቤታቸው ሄጄ የሚፈረመውን ወረቀት ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና መለሱልኝ።

«ልጄ፣ እኔ ያላየሁትን አልፈርምም» አሉ።

«ጋሼ፣ በየለቅሶው ያዩታል እኮ።»

«አየዋለሁ። ወንበር ላይ።»

«ወንበሩን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኛ ነን። እንግዳ ማክበር ወጋችን ነው። አንቺም ወደድሽው እንጅ አልጠላሽውም። ነዋሪ ነው ብዬ የምፈርምለት ሰው ግን ከሰዎቼ ጋር ጭቃ ረግጦ ማየት አለብኝ።»

ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። ሳልከራከር መውጣት ለኔ ብርቅ ነው።

እራት ላይ የተባለውን ሁሉ ለባሌ ነገርኩት። በዚያ በለመድነው ዐረብኛ «በኛም አገር እንግዳ አይቆፍርም» አለኝ። «እኔ ሁልጊዜ መነሳት ፈልጌ ነበር። ቁጭ በል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።» ሳይቆጣ ነው የተናገረው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እመልስለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ባሌ ጭቃ ሲረግጥ እንዲታይ ለቅሶ ያስፈልጋል፤ ለቅሶ እንዲኖር ደግሞ ሰው መሞት አለበት። የጨው ነጋዴው ጎረቤታችን ሕመም በርትቶ ነበር። አንድ ጠዋት በራቸው ላይ ሰው ተሰብስቦ እንደሆነ በዓይኔ ስፈልግ ራሴን ያዝኩት። የሰው ሞት እየጠበቅሁ ነበር። በጣም ደነገጥኩ። የዚያን ዕለት ለሳቸው ያደረግሁትን ዱዓ ለገዛ አባቴም አድርጌ አላውቅም። አጥሚት እየሠራሁ ወሰድኩላቸው፤ ባሌም እየሄደ ከአልጋቸው ደግፎ ያነሳቸው ነበር። ዳኑ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ደጃቸው ላይ ወጥተው መቀመጥ ጀመሩ። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ፤ ቀኑ ግን አሥራ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ ማንም ሳያስበው፣ ከታች ሰፈር አንዲት እናት አረፉ። ነሐሴ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጠዋትም አላቆመም። የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሸሚዝ አልተኮስኩም። ባሌ የአሮጌ ሱሪውን እግር ጠቅልሎ፣ የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ከኔ ቀድሞ ወጣ።

ስደርስ ወንበሩ ወጥቶ ተቀምጧል፤ አንዱ ደግሞ ጃንጥላ ዘርግቶ ከአጠገቡ ቆሟል። ባሌ ወንበሩን በሁለት እጁ አነሳና ወስዶ ለሟች ታላቅ ወንድም አስቀመጠላቸው። ከዚያ ሰዎቹ ድንኳን ወደሚተክሉበት ሄዶ አንዱን ምሰሶ ያዘ። «ኧረ መምህር፣ ኧረ አይሆንም» እያሉ ሁለት ሰዎች ሊያስለቅቁት ሞከሩ። አለቀቀም። ይዞ ቆመ ብቻ። ሄጄ ልናገርለት ብዬ ነበር። በሕይወቴ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ያዝኩ።

ሸራው ውኃ ቋጥሮ ከብዷል። ነፋስ ሲመጣ በባሌ በኩል ያለው ምሰሶ ተንሸራተተ፤ ሸራው ዘጭ አለና የቋጠረውን ውኃ ሁሉ ሰዎቹ ላይ ደፋው። ማንም ሊቆጣው አልደፈረም። ዳኛው ብቻ ከወዲያ በኩል፣ ኮታቸው እስከ ገበሩ ርሶ፣ ጮኹ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ይገትርሃል? ገመዱን ወገብህ ላይ ጠምጥመህ ሳብ እንጅ! ድንኳን ተክለህ አታውቅም?»

ቢቸና ከገባ ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንዲህ ተናግሮት አያውቅም። ባሌ ቃሉን አንድ በአንድ የሰማው አይመስለኝም፤ ቁጣው ግን ገባው። ገመዱን ወገቡ ላይ ጠመጠመ፣ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ቀበረና ወደ ኋላ ተለጥጦ ሳበ። ጭቃ እንደሆነ ያገሩ ነው፤ ያደገው ወንዝ በየክረምቱ ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት መንደር ነው። ምሰሶው ቀና አለ። «በል ያዝ»፣ «እንዳትለቅ»፣ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እኮ ነው የምልህ» እያሉ ከየአቅጣጫው ያዘዙት ጀመር። ይቅርታ የጠየቀው የለም። እሱም የጠበቀ አይመስልም።

ባሌ በሰው ፊት ሲሰደብ ቆሜ አየሁ፤ አንጀቴም ቅቤ ጠጣ። ወንበር ላይ ሳየው ያበጠው ልቤ ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም። ያኔ የኮራሁት በሰዎቹ አክብሮት ነበር፤ ያን ቀን የኮራሁት ግን በራሱ በሰውየው ነው። ቦታው ለቅሶ ቤት ነውና ፈገግታዬ እንዳይታይብኝ ሻሼን አፌ ላይ ይዤ ባልዲዬን ልሞላ ሄድኩ።

መቃብር ሲቆፈርም ከቆፋሪዎቹ ጋር ነበር። ከቀብር መልስ ስም ሲጠራ ዳኛው ዝርዝሩን ጨርሰው ቆም አሉ። እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡና ከመጨረሻው ስም በታች የባሌን ስም ጻፉ። ሲጠሩት አበላሽተው ነው የጠሩት። እሱ ግን ወዲያው «አቤት» አለ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር፤ መዳፉም ተልጦ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ዳኛው ሳይጠይቁኝ ፈረሙ። ጎረቤቴ እናት «እንግዳ ያልኩት እንዳይነኩብኝ ብዬ ነበር እኮ» እያሉ፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ፣ በጣታቸው ፈረሙ። ሦስተኛው ፊርማ የጨው ነጋዴው ነው። ሞታቸውን ስጠብቅ የነበርኩት ሰውዬ ሲፈርሙ ከፊታቸው ቀና ማለት አቃተኝ። የቀበሌዋ ልጅ አዲሱን ደብዳቤ ጻፈች፣ ማህተሙን መታች። ስትሰጠኝ «አሁን የጻፍኩት ያየሁትን ነው» አለችኝ። ለካስ የዚያን ቀን ለቅሶው ላይ ነበረች። ባለፈው ስለጮኽኩባት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ይህም ለኔ ብርቅ ነው።

የቪዛው ቀን ሳያልፍ አዲስ አበባ ሄደን ማመልከቻውን አስገባን። ዶሴው ተሟልቷል ተብሎ ቀጠሮ ተሰጠን። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ ደርሷል ሲባል ጥቅምት ገብቶ ነበር። ሊወስድ የሄደው ብቻውን ነው፤ እኔ የደንበኛ የሠርግ ልብስ ስፌት ይዤ መነቃነቅ አልቻልኩም። በየከተማው እየደወለ ደጀን መድረሱን፣ ዓባይን መሻገሩን ይነግረኝ ነበር። እሱ አዲስ አበባ እያለ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አርፈው ተቀበሩ።

ሲመለስ ሱቅ እንኳ ሳይገባ «መጀመሪያ ለዳኛው ላሳይ» አለኝ። ይዤው ሄድኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ፊቱንም ጀርባውንም አዩት።

«ጥሩ ነው። እንኳን ደስ ያለህ» ብለው መለሱለት። ከዚያ የእድሩን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረዱ። «ትናንት ቀብር ነበር። የት ነበርክ?»

እኔ ቀደም አልኩ። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ነበር። ለዚሁ ለካርዱ።»

«ነግሮኝ ሄዷል?»

«አልነገረዎትም።»

«እንግዲያው ቀሪ ነው።»

ጻፉት። ባሌ «ምን አሉ?» ሲለኝ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ስሙን በጣቴ እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ ከስሙ ፊት ያለችውን የኤክስ ምልክትም ተመለከታት። ከላይ በተጻፉት ሰዎች ስም ፊትም እንዲህ ያለ ምልክት እዚህም እዚያም አለ። ፈገግ ሊል ፈልጎ ዳኛውን ፈራ።

ሱቅ ስንገባ ከመኪናው ላይ ሸራውን ገፈፈው። ከኔ ጋር መሥራት እንደሚችል አስቀድሜ ጠይቄ አረጋግጬ ነበር። ዘይት አጠጣው፣ መንኮራኩሩን በእጁ አዙሮ ድምፁን አዳመጠ። ከዚያ «ለአባባ ደውይ» አለኝ። ሞጣ ደወልኩና ስልኩን ሰጠሁት። ስለ ካርዱ የሚነግረው መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ እኔ እድር ቀሪ» አለ፣ በአምስት ወር ባጠራቀማት አማርኛው።

 ወዲያው የአባቴ ድምፅ እኔ እስክሰማው ድረስ ከስልኩ ወጣ። «ምን? ለቅሶ ቀረህ? ሁለተኛ እንዳትቀር!»

አባቴ በዚህ ድምፅ ሲቆጣ የማውቀው እኔን ብቻ ነው። ባሌ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ከመቀመጫው ተነስቶ ቆሟል። «እሺ አባባ» ይላል፣ «እሺ አባባ፣ አልቀርም።»